ከአምቦ ድንጋይ እስከ ወንጪ ፈረስ

ሎጅ ስንገመግም ብዙ ጊዜ የምናነሣው አልጋውን፣ ምግቡንና ዋጋውን ነው። ክዳኑ በሐምሌ ዝናብ ለምን እንዳላፈሰሰ፣ ግድግዳው ሌሊቱን ለምን ሙቀት ይዞ እንዳደረ፣ ወደ ጫካ የወሰደን ሰው ለምን ቀስ ብሎ እንደሄደ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ምቾት የምንለው ነገር የሚገኘው ግን እዚያ ውስጥ ነው። የአንድ ሰው እጅ በጥንቃቄ ስለሠራው እኛ ሳናስበው እናልፋለን።

ይህን ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ይመቻል። በሆለታና በጊንጪ አድርጎ አምቦ ይደርሳል፤ ከአምቦ ደግሞ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጣ የወንጪ ሐይቅ ከአፋፉ ሥር ይታያል። ወንጪ በአስተዳደር ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ቢሆንም የአምቦ ሰው እንደ ጓሮው ነው የሚቆጥረው። ጎረቤቱ የደንዲ ሐይቅ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ነው፤ አምቦን አቋርጦ የሚያልፈው የሁሉቃ ወንዝም የሚነሣው ከዚያው ነው። በዚህ መስመር ላይ ለማረፊያ ቤት የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ድንጋዩ፣ ሣሩ፣ ጭዱ፣ ፈረሱ፣ መንገድ የሚመራውም ሰው የዚያው አገር ናቸው።

አምቦ በአገሩ ሁሉ ስሟ የሚነሣው በውሃዋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ የኖረ ውሃ ነውና ይገባታል። ድንጋይ ጠራቢዎች ዘንድ ግን ከተማዋ ሌላ ዝና አላት። የአምቦ ድንጋይ የሚባለው አሸዋማ ድንጋይ በአዲስ አበባ የብዙ ሕንፃዎችን ፊት አልብሷል። ቀለሙ ከነጣ ያለ ቢጫ ይነሣና እስከ ቀይ ይደርሳል፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ራሱ ሁለቱም ቀለም ተነባብሮ ይገኛል። በመሮና በመዶሻ ለመሥራት ከጥቁር ድንጋይ ይልቅ ይለዝባል። መለዘቡ ግን ሠሪውን ያታልላል፤ በቀላሉ የሚጠረብ ድንጋይ በቀላሉም ይፈረፈራል።

የግንበኛው ሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አሸዋማ ድንጋይ የተሠራው በንብርብር ነው፤ ደለሉ እየተጫነ የጠነከረ ስለሆነ ጠጋ ብሎ ላየው ስስ መስመሮች አሉት። አዋቂ ግንበኛ ድንጋዩን ሲያስቀምጥ መስመሮቹ መሬት ላይ እንደተኙት እንዲተኙ ያደርጋል። ለፊቱ ውበት ብሎ ካቆማቸው ዝናቡ በንብርብሩ መሐል ይገባል፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል፣ ከዓመታት በኋላ የድንጋዩ ፊት እየተላጠ ይወድቃል። ስለዚህ ሎጅ ደርሳችሁ ቁልፍ እስኪመጣላችሁ ስትቆሙ የመግቢያውን ግንብ ጠጋ ብላችሁ እዩት። መስመሮቹ የተጋደሙ ከሆኑ የሠራው ሰው የሚቀጥለውን ሃያ ዓመት አስቧል ማለት ነው።

ሁለተኛው የሚታይ ነገር ማዕዘኑ ነው። በጥሩ ግንብ ማዕዘን ላይ አንዱ ድንጋይ ረጅም ጎኑን ወደ አንዱ ግድግዳ ይሰጣል፣ ከላዩ ያለው ደግሞ ወደ ሌላኛው ይሰጣል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ሁለቱ ግድግዳዎች ይያያዛሉ። ከዚያ መጋጠሚያዎቹ ናቸው። የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ በታችኛው ረድፍ መጋጠሚያ አናት ላይ ከወደቀ ግድግዳው እዚያ ላይ ለመሰንጠቅ ተዘጋጅቷል። ቱንቢውና ውሃ ልኩ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ይነግራሉ፤ ድንጋዩን የመምረጥ ሥራ ግን የዓይንና የጆሮ ነው። ጠራቢው በመዶሻው ጫፍ መታ አድርጎ ያዳምጣል። ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠው ይገባል፣ የታፈነ ድምፅ የሰጠው ውስጡ ስንጥቅ አለበትና ለመሙያ ይቀመጣል።

ከድንጋዩ በላይ ወይም በድንጋዩ ፋንታ የጭቃ ግድግዳ ሲመጣ ሙያው ከግንበኛው ወደ መራጊው ይሻገራል። የጊንጪና የበቾ ሜዳ የጤፍ አገር ስለሆነ ጭድ ሞልቷል። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ልዝብ በመሆኑ ከጭቃ ጋር ሲዋሐድ እንደ ክር ይይዘዋል፤ የገብስ ጭድ ወፍራም ስለሆነ ፊቱን ሻካራ ያደርገዋል። ጭቃው ተረግጦ ይቦካል፣ ለቀናት ይተዋል፣ እንደገና ይረገጣል። የቸኮለ ሰው በማግስቱ ይመርጋል፤ ግድግዳውም ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የታገሠው ሁለት ጊዜ ይመርጋል፦ መጀመሪያ ወፍራሙን፣ እሱ ደርቆ ስንጥቁን ከጨረሰ በኋላ ቀጭኑን። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ናት፤ የወንጪ አፋፍ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ሌሊቱ ይበርዳል። ሙቀት መያዝ ለጌጥ ተብሎ የሚጨመር ነገር አይደለም።

የዚህ ሁሉ አክሊል ክዳኑ ነው። የሣር ክዳን ዛሬ የሎጆች መለያ ሆኗል፤ የቆርቆሮ ቤት የሠራ ባለ ሀብት እንኳ ከላዩ ሣር ሲያለብስ እናያለን። እውነተኛውን ከተደረበው መለየት አይከብድም። ከውስጥ ሆኖ ቀና ማለት ነው። እውነተኛ የጎጆ ጣሪያ ውስጡም ሥራ ነው። ከምሰሶው አናት የሚወርዱት ወራጆች እኩል ርቀት ጠብቀው ይከፈታሉ፤ ማገሮቹ ክብ እየሠሩ ይጠመጠሙባቸዋል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በልጥ ወይም በገመድ ይታሠራል። ያለ ምስማር የታሠረ ጣሪያ ነፋስ ሲመታው ትንሽ ይላወሳል፣ አይሰበርም። በምስማር የተያዘው እንጨት ግን ሲደርቅና ሲርስ ምስማሩ ዙሪያ ይለቃል።

ለክዳን የሚመረጠው ሣር ሰንበሌጥ ነው፤ የሚታጨደውም ክረምቱ አልፎ አገዳው ከጠነከረ በኋላ ነው። ለጋውን ያጨደ ሰው ቤቱን የሚበሰብስ ነገር አለበሰው። ከዳኙ ከታች፣ ከጣሪያው ጠርዝ ይጀምራል። አንዱን ረድፍ ያስራል፣ የሚቀጥለው ረድፍ የታችኛውን ማሠሪያ እንዲሸፍን አድርጎ ያስተኛል፣ እንዲህ እያለ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። ማሠሪያው የትም ቦታ ለዝናብ መጋለጥ የለበትም። የጣሪያው ቁልቁለትም ወሳኝ ነው፤ ቁልቁል ካልሆነ ውሃው ይቀመጣል፣ ሣሩም ይጠጣዋል። በደንብ በተከደነ ጣሪያ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ የሚርሰው የላይኛው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሣር ክረምቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ይከርማል።

ገጠር ቤት ሎጅ የሌለው ረዳት አለው፦ ጭስ። በየቀኑ ከምድጃው የሚነሣው ጭስ በሣሩ ውስጥ ሲያልፍ ያደርቀዋል፣ ነፍሳትንም ያርቃል። የሎጅ እንግዳ ግን ጭስ አይፈልግም። ስለዚህ ጎጆው የአባቶችን መልክ ይዞ የአባቶችን መድኃኒት አጥቷል። አዋቂ ከዳኝ ይህን ሲያካክስ ማየት ደስ ይላል። ሣሩን ያወፍረዋል፣ ቁልቁለቱን ይጨምራል፣ በጉልላቱ ሥር አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል፣ ዛፍ ክዳኑ ላይ ጥላ እንዳይጥልበት ቅርንጫፍ ያስቆርጣል። ባለቤቱም በየጥቂት ዓመቱ ሣር ለማስለወጥ ገንዘብ መመደብ አለበት። ሎጅ ውስጥ ሽታው ደረቅ ሣር ሣር ካለ ሥራው ጤነኛ ነው፤ እርጥበት እርጥበት ካለ ከላይ የሆነ ቦታ ተሳስቷል።

በዚህ ረገድ ወሊሶ ያለው ነጋሽ ሎጅ ሊታይ የሚገባው ነው። ወሊሶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግዮን ትባል የነበረችው ከተማ ናት፤ የፍል ውሃዋም ዝና የቆየ ነው። ሎጁ ፍል ውሃውንና አሮጌ ዛፎቹን ይዞ የተሠራ ሲሆን ጎጆዎቹ የተለያዩ የኢትዮጵያ ብሔረሰቦችን ቤት አሠራር የሚከተሉ ናቸው። ዛፍ ላይ የተሠራ ማረፊያም አለው። ይህ ዓይነቱ ሥራ በአፍሪካ ታላቅ ስም ያተረፈው በኬንያው ትሪቶፕስ ሆቴል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ዛፍ ላይ ተሠርቶ በ1952 የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥ እዚያ እያሉ አባታቸው አርፈው ንግሥት የሆኑበት ቤት ነው። ዛፍ ላይ ቤት መሥራት የራሱ ጥበብ አለው። ዛፍ ያድጋል፣ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፤ ግንዱን አጥብቆ ያሠረ ሰው ወይ ዛፉን ያንቃል ወይ ወለሉን ይሰብራል። ስለዚህ በግንዱና በወለሉ መካከል ክፍተት የተዉ ሠሪዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ጦጣዎችና ጉሬዛዎች በግቢው ዛፎች ሲመላለሱ ማየት የሚቻለውም ዛፎቹ ስላልተቆረጡ ነው። ማረፊያ ሲሠራ ሳይቆረጥ የቀረው ዛፍም ከሥራው ይቆጠራል።

ስለ ምግቡና ስለ መኝታው ብዙ አላወራም፤ አንድ ሁለት ነገር ብቻ። በወንጪ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላውም ሽንብራውም ከአዲስ አበባ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ወጥ ቤቱ ይህን አውቆ ሌሊት የዘፈዘፈበትና ያላወቀበት ሎጅ በመጀመሪያው ጉርሻ ይለያሉ። ክፍል ውስጥ የእሳት ምድጃ ካለም ጥበቡ እሳቱ ላይ ሳይሆን የጭስ ማውጫው አንገት ላይ ነው፤ ከምድጃው አፍ አንጻር በጣም ከሰፋ ሙቀቱ በሙሉ ይወጣል፣ በጣም ከጠበበ ጭሱ ወደ እንግዳው ይመለሳል። ጠዋት ጨጨብሳ ቀርቦ ቅቤው ከቂጣው ጋር ተስማምቶ ካገኛችሁት ማድ ቤት ያለችውን ሰው አመስግኑ፤ ቂጣውን ገና ትኩስ ሳለ ቆራርሶ ማሸት የእጅ ፍጥነት ይጠይቃል።

እስካሁን ያነሣነው የቆመ ሥራ ነው። የሎጅ ሁለተኛው ግማሽ በእግር የሚሄድ ሥራ ነው፤ እሱም የመንገድ መሪው ነው። ብዙ ሰው መሪን ስም ጠሪ ያደርገዋል፦ ይህ ጥድ ነው፣ ይህ ኮሶ ነው፣ ይህ አስታ ነው። ስም መጥራት ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

በጊንጪ አቅራቢያ ያለውን የጭሊሞ ደን ውሰዱ። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የሞላበት፣ ከጥንቱ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደን የተረፈ ቁራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከነዋሪዎቹ ጋር አሳታፊ የደን አስተዳደርን እዚህ ሲጀምር ከቦንጋው ደን ጋር ለአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ ደኑን የሚጠብቁትም የሚጠቀሙበትም በማኅበር የተደራጁ ነዋሪዎች ሆኑ። በእንዲህ ያለ ደን ውስጥ የሚመራ ሰው የሚያውቀው ሰዓቱን ነው። ለወፍ ጎሕ ሲቀድ ያስነሣችኋል። ለጉሬዛ ግን አያጣድፋችሁም፤ ጉሬዛ ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ዛፍ አናት እንደሚወጣ ያውቃልና ብርሃኑ የዝግባውን ጫፍ እስኪነካ ይጠብቃል። ስትደርሱ ጥቁሩ ገላና ነጩ ካባ በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ።

መሪው ፀሐይዋን ከኋላችሁ አድርጎ ያቆማችኋል፤ ከፊታችሁ ብትሆን የወፉ ቀለም ጠፍቶ ጥላው ብቻ ይታይ ነበር። በእጁ አይጠቁምም፤ የተዘረጋ እጅ ወፍ ያስነሣል። “ከዝግባው ሁለተኛው ቅርንጫፍ፣ በስተግራ፣ ቅጠሉ ከሚያንስበት” ይላል በዝግታ። ጋጋኖዎች እየጮኹ ከላይ ሲያልፉ ድምፃቸውን ለይቶ ይነግራችኋል፤ ይህች ወፍ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትገኝ መሆኗንም ያውቃል። ፊቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት አረንጓዴዋ ወፍ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጋ ስትቀመጥ ደግሞ ዝም ይላል። ክንፏን ዘርግታ እስክትበር መጠበቅ ነው፤ ያኔ የክንፏ ቀይ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ዝምታው ታስቦበት የተደረገ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በወንጪ አፋፍ ላይ ያየሁት ትንሽ ነገር ነው። ሽቅብ ስንወጣ ከመካከላችን አንድ ትልቅ ሰው ትንፋሻቸው እየከበደ መጣ፤ ድካማቸውን ለመናገር ግን ኩራታቸው አልፈቀደም። መሪያችን ወጣት ነበር። ዞር ብሎ አላያቸውም፣ “ደከመዎት?” ብሎም አልጠየቀም። አንድ ኮሶ ዛፍ ሥር ቆመና “ጋሼ፣ ይቺን ኮሶ ልብ ብለው አይተዋታል? እናቶቻችን መድኃኒት የሚያደርጉት የሴቷን አበባ ነው” አለ። ስለ ኮሶ የሚባለውን ሁሉ ቀስ ብሎ አወራ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ወሬው አለቀ። ግንበኛው ድንጋዩን መታ አድርጎ እንደሚያዳምጠው ይህ ልጅ የሰው እስትንፋስ አዳምጦ ነበር። የሰውን ክብር ሳይነካ ማሳረፍ መቻል የትኛውም ሥልጠና ብቻውን የማይሰጠው ሙያ ነው።

ወደ ሐይቁ የሚወርደው በፈረስ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ የተራራው ጫፍ 3,386 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ እንግዳውን የሚጠብቀው ኮርቻው ነው። የአገራችን ኮርቻ አጽሙ እንጨት ነው። ሁለት ጎንና ጎን ሳንቃዎች በፊትና በኋላ ከፍ ባሉ እንጨቶች ይያያዛሉ፤ በመካከላቸው የፈረሱ አከርካሪ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ይቀራል። ክብደቱ በጎኖቹ ጡንቻ ላይ እንጂ በአጥንቱ ላይ አይወድቅም። እንጨቶቹ በእርጥብ ጠፍር ይሰፋሉ፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ይጨማተርና መገጣጠሚያውን ከምስማር በበለጠ ያጠብቀዋል። የጥንቱ እርካብ የአውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ ቀለበት ነበር፤ ዛሬ ለእንግዳ ጫማ ሰፊው ተተክቷል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው በፈረሳቸው ስም የተጠሩበት አገር ነውና ለፈረስ ዕቃ የሚደረገው ጥንቃቄ አይገርምም።

ጠፍሩን፣ መደላድሉን፣ ዛቡን እዩ። በኮርቻው ሥር ያለው መደላድል ወፍራምና ንጹሕ ከሆነ፣ የፈረሱ ጀርባ ቁስል ከሌለበት፣ ባለቤቱ ከቁልቁለቱ በፊት ቆሞ ጠፍሩን እንደገና ካጠበቀ፣ ልባችሁን ጥላችሁ ውጡ። ባለ ፈረሱ ዛቡን ይዞ ከፊት ይወርዳል፤ እናንተ ስትወርዱ ወደ ኋላ፣ ስትወጡ ወደ ፊት ዘንበል እንድትሉ ይነግራችኋል። ሐይቁ ዳር ደግሞ ጀልባ ይጠብቃችኋል፤ ቂርቆስ ገዳም ያለበትን ደሴት ዞሮ ወደ ማዶው ፍል ውሃና ጠበል ያደርሳል። የእንሰቱ ጓሮ፣ የማሩ ቀፎ፣ የወፍጮው ድምፅ ሁሉ በመንገዱ ላይ ናቸው።

ይህን ሥራ ያቆየው የነዋሪው ሥርዓት ነው። የወንጪ ባለ ፈረሶች፣ ባለ ጀልባዎችና መሪዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ሲሠሩ ኖረዋል፤ የተራው ሥርዓት ሁሉም ከእንግዳው እንዲቃመስ ያደርጋል፣ እንግዳውንም ከግርግር ያድነዋል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጀው “ገበታ ለሀገር” የተባለ ፕሮጀክት ጎርጎራን፣ ኮይሻንና ወንጪን መርጦ፣ ለአንድ የእራት ማዕድ 10 ሚሊዮን ብር እየጠየቀ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ለወንጪ መንገድና ዘመናዊ ማረፊያ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አሰለፋት። መንደሯን ለዚያ ማዕረግ ያስመረጣት የሐይቁ ውበት ብቻ አይደለም፤ ውበቱን የሚያቀርበው ሰው ሙያም ነው።

አደጋው ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ገንዘብ ሲመጣ በድንጋይ ፋንታ የድንጋይ መልክ ያለው ቀለም፣ በሰንበሌጥ ፋንታ የላስቲክ ሣር፣ በመሪ ፋንታ የተጻፈ ሰሌዳ ማስገባት ይቀላል። ከሩቅ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ይለያሉ። የላስቲክ ሣር አይበሰብስም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ሌሊት አያሞቅም፣ የከዳኙንም ልጅ ከዳኝ አያደርገውም። ሙያ የሚተላለፈው በሥራ ላይ ነው። አንድ ሎጅ በየጥቂት ዓመቱ ክዳኑን ለማስለወጥ አገሬውን ከዳኝ ሲጠራ ገንዘብ ያወጣል፤ ያው ገንዘብ ሙያውን ለሚቀጥለው ትውልድ ያቆየዋል።

ለሎጅ ባለቤቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። በመግቢያችሁ ላይ የመረቀውን ባለ ሥልጣን ስም ትጽፋላችሁ፤ ከሥሩ የግንበኛውን፣ የመራጊውን፣ የከዳኙንና የአናጢውን ስም ጨምሩበት። ለእንግዶችም እንዲሁ። ወንጪ ወይም ጭሊሞ ስትሄዱ ወፍራም ልብስ ያዙ፣ ከመስቀል በኋላ ያለውን ደረቅ ወቅት ምረጡ፣ የመሪውንና የፈረሱን ክፍያ ተራ አስከባሪው በሚያሳያችሁ ቦታ ክፈሉ። ጉርሻውን ግን በእጁ ስጡት፤ ስሙንም ጠይቁት፣ ለሚቀጥለው እንግዳም ንገሩለት።